ክኒኑ ነው

በእኛ ከተማ «ትንሽ» የሚለው ቃል የማይሸፍነው ጉድ የለም። ጥር ላይ የመኪና ሞተር የሚያደርቅ ብርድ ሲመጣ ሰዉ «ዛሬ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሏል» ይባባላል። የኦልሰኖች ጎተራ ነዶ አመድ የሆነ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ እጁን ኪሱ ከቶ ሲያይ ቆየና «ትንሽ ጉዳት ደርሶበታል» ብሎ ወደየቤቱ ሄደ። እንግዲህ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒኑን ላቆም መሆኔን ስነግራት፣ የክሊኒካችን ነርስ «በስሜትሽና በእንቅልፍሽ ላይ ትንሽ ለውጥ ልታዪ ትችያለሽ» ስትለኝ ደንገጥ ማለት ነበረብኝ። እዚሁ ሰሜን ሚኒሶታ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ፣ «ትንሽ» ሲባል ሰምቼ እየዘፈንኩ ወደ ቤቴ መንዳቴ የራሴ ጅልነት ነው።

ለነገሩ ሴትዮዋን አልወቅሳትም። አንዳንዷ ምንም አይሰማትም፣ አንዳንዷ እንዲያውም ይሻላታል፣ አንዳንዷ ደግሞ ለጥቂት ወራት ትቸገራለች፤ ሐዘኑ ከከበደሽ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ደውዪልኝ ብላኛለች። እኔ የሰማሁት «ይሻላታል» የሚለውን ብቻ ነው። ሰው የሚሰማው የሚፈልገውን ነው።

ክኒኑን መዋጥ የጀመርኩት ገና ኮሌጅ ሳልጨርስ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ ይዣለሁ፣ ዳሪንን አግብቻለሁ፣ ቤት ገዝተናል፣ ሁለት ውሻ ቀብረናል። ይህ ሁሉ ሲሆን ክኒኑ ከጎኔ አልተለየም። ዳሪን ደግ ሰው ነው። ይህን አሁኑኑ የምናገረው በኋላ እንዳልረሳው ነው። የአውራጃው በረዶ ጠራጊ መኪና ሹፌር ነው፤ ባል የሞተባቸውን ሴቶች ደጅ ሳይጠየቅ ይጠርጋል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎም አያውቅም። ከገና በኋላ ልጅ እንውለድ ብለን ተስማማንና እኔም ክኒኑን ተውኩ። ከወጥ ቤቱ አጠገብ ያለችውን ክፍል ለልጁ ብዬ ቢጫ ቀለም ቀባኋት።

መጀመሪያ ጥሎኝ የሄደው እንቅልፌ ነው። ድሮ ትራሱን ስነካ የምሞት ሴት ነበርኩ። አሁን ግን ጎህ ሳይቀድ ዓይኔ ቦግ ይልና፣ ሦስተኛ ክፍል ሳለን እርሳሴን ተውሳ ያልመለሰችልኝን ልጅ እያሰብኩ ይነጋል። እንቅልፍ ከመጣም ሕልም አስከትሎ ነው፤ ያውም ባለቀለም፣ ተከታታይ፣ ሰው የበዛበት። አንድ ቀን ዳሪን ከጥርስ ሐኪሜ ጋር ሲማግጥ በሕልሜ አየሁና ጠዋት ሙሉ አኮረፍኩት። ምን እንዳጠፋ ሲጠይቀኝ ነገርኩት። የጥርስ ሐኪሜ የልጅ ልጅ ያዩ ሽማግሌ ናቸው።

ቀጥሎ ስሜቴ ተነሣ። የመኪና ጎማ ማስታወቂያ አይቼ አለቀስኩ። ጎማው ሕፃን ልጅ የጫነች እናትን በዝናብ መሐል በሰላም ቤቷ ያደርሳታል። እኔ ሶፋ ላይ ተደፍቼ ስንሰቀሰቅ ዳሪን የእኛም ጎማ መቀየር እንዳለበት ትዝ አለው። ንዴቱ ደግሞ ለብቻው ነው። ዳሪን ቁርሱን ሲያኝክ የሚያሰማው ድምፅ ድሮም ነበር፤ ድሮ ግን ሰው መግደል አያሰኘኝም ነበር። አልዋሽም፣ መልካምም ነገር መጥቷል። ማሽተት ጀመርኩ። የፈላ ቡና፣ እርጥብ ሱፍ፣ የዳሪን አንገት፣ ሁሉም እንደ አዲስ ሸተተኝ። መጋረጃ የተገለጠ ያህል ነበር። መጋረጃ ሲገለጥ ግን የቤቱም አቧራ አብሮ ይታያል።

ይህን ሁሉ ለዳሪን ነገርኩት፤ ስሕተቴም ይህ ነው። ዳሪን ችግር ሲገጥመው ያነባል። በስልኩ ሲያነብ ሰንብቶ በየካቲት መጨረሻ የሴት ሆርሞን ሊቅ ሆኖ ተመረቀ። ከዚያ ወዲያ የምናገረው ነገር ሁሉ ምክንያት ተገኘለት። ሾርባው ጨው አነሰው ስለው በርኅራኄ ዓይን ያየኝና «ክኒኑ ነው» ይላል። ወንድምህ ኬቨን ባለፈው በጋ የወሰደውን መሰላል ይመልስ እንጂ ስለው «ክኒኑ ነው፣ ያልፋል» ይላል። ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኛል። አንዴ ስለ አየሩ ሁኔታ አስተያየት ሰጥቼ እንኳ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

መጋቢት ላይ የጣሪያው በረዶ መቅለጥ ሲጀምር፣ በቢጫዋ ክፍል ኮርኒስ ላይ መዳፌን የሚያክል ቡናማ ነገር አየሁ። ጣሪያው ሊያፈስ ነው፣ ውጣና እየው አልኩት። ዳሪን ከታች ሆኖ ቀና ብሎ ተመለከተና ትንሽ ጥላ ናት አለኝ። አስከትሎም እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይኑ እንደሚያታልለው ያነበበውን አጫወተኝ። በማግስቱ ጥላዋ አናቴ ላይ ጠብ አለች። እሱን ስነግረው ትንሽ እርጥበት ናት አለ። እኔም ድስት አመጣሁና አስቀመጥኩበት። ድስቱ ሆርሞን ስለሌለው እሱ ቢናገር በታመነ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ጠብ ጠብ ከማለት ሌላ አያውቅም።

ዳሪን ተጨንቆልኝ ለፓስተራችን ለጌይል በሹክሹክታ ነግሯቸው ኖሯል። እሑድ ዕለት የምልጃ ጸሎት ሲደርስ ፓስተር ጌይል «ለእህታችን ለብሪታም፣ ዕረፍት እንድታገኝ» ብለው፣ የልብ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ሽማግሌና ጎርፍ ባፈናቀላቸው ሰዎች መካከል ሸጎጡኝ። ምእመኑ በሙሉ አንገቱን ሳያዞር አየኝ። የእኛ ሰው ይህን ይችልበታል። በዚያው ሳምንት በኦቭን የተጋገረ ድንችና የተፈጨ ሥጋ በየትሪው ደጃፌ ላይ ይደረደር ጀመር። ምን ሆንሽ ያለኝ ግን የለም። በእኛ ዘንድ ምን ሆንሽ ማለት ነውር ነው፤ ድንች ማምጣት ይፈቀዳል።

ደፍራ ያናገረችኝ ጓደኛዬ ጆዲ ብቻ ናት። ከቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝና፣ እሷም ክኒኑን የተወች ጊዜ የዳቦ መጥበሻውን ማሽን በመስኮት መወርወሯን ነገረችኝ። በጋው ሲገባ ሁሉም ነገር ረግቶላታል። ማሽኑ ምን አድርጎሽ ነው አልኳት። ዳቦዬን እያሳረረ አለችኝ። አሁንስ ብላት፣ «አሁንም ያሳርራል፣ አሁንም ያናድደኛል። ግን አልወረውረውም» አለችኝ። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ስቄ አለፍኩት።

አማቴ ላቮን ከከተማው ማዶ፣ ሐይቁ ዳር በገዛ ቤታቸው ነው የሚኖሩት። ባላቸው ራስል ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። በዚያ ክረምት ደጃፋቸው ላይ በረዶ አንሸራቷቸው እጃቸው ወለም አላቸው። «ትንሽ አዳለጠኝ» ብለው ወሩን ሙሉ በግራ እጃቸው ብቻ ዋሉ። ዳሪን በፋሻ የታሰረውን እጃቸውን ባየ ቁጥር ሆዱ ይባባል። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሳቸው ዘንድ ምሳ እየበላን ሳለ፣ እኔን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ እማ ለምን እኛ ጋ መጥተሽ አትኖሪም አላቸው።

መቼም ወጉ የታወቀ ነው። ሰው የቀረበለትን ሁለት ጊዜ እምቢ ይላል፣ በሦስተኛው ይቀበላል። በመጀመሪያው የተቀበለ ስግብግብ ይባላል። በሦስተኛው እምቢ ያለ ደግሞ ኩራተኛ ነው፣ ይታዘቡታል። ጋባዡም ሦስት ጊዜ ካልለመነ ከአንገት በላይ ነው። ላቮን መጀመሪያ፣ ኧረ ምን በወጣችሁ አሉ። ዳሪን ደገመው። እናንተ ወጣቶች ናችሁ፣ ምን ልሠራላችሁ አሉ። ዳሪን ሠለሰው፤ ቢጫዋ ክፍልም ባዶዋን ናት ብሎ ጨመረበት። ላቮን ማንኪያቸውን አስቀመጡና «እንግዲህ ካላስቸገርኳችሁ» አሉ። ሾርባው ሳይበርድ አማቴ ልጄ ክፍል ውስጥ ገቡ።

መኪና ውስጥ እስክንገባ ቻልኩት። ይህም ለዚያ ሰሞን ትልቅ ጀብዱ ነው።

«ሳትጠይቀኝ?» አልኩት።

«እሺ አለች እኮ። ከዚያ በኋላ ምን ልበል?»

«ክፍሉ የልጁ ነው።»

«ልጁ ገና አልመጣም፣ ብሪ።»

ይህን ሲለኝ ጮህኩ። በእጄ መኪናውን ደበደብኩት፣ ያልተሰደበ ነገር አልተረፈም፤ የመሰላሉም ነገር ተነሣ፣ የጥርስ ሐኪሙም ተነሡ። ከመንገዱ ዳር የቆመ አጋዘን ሰምቶኝ ወደ ጫካው ፈረጠጠ። ዳሪን መኪናውን ዳር አስይዞ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ «እስቲ ልጠይቅሽ። አሁን የምትናገሪው አንቺ ነሽ ወይስ ክኒኑ?» አለኝ።

ከዚያ ክረምት ሁሉ የከበደኝ እንቅልፉም ልቅሶውም አልነበረም፤ ይህ ጥያቄ ነው። በጎማ ማስታወቂያ የምታለቅስ ሴት በገዛ ንዴቷ እንዴት ትመን? የገዛ ራሴን አላምን አልኩ፤ ፈራሁ። ክኒን ስውጥ ኖሬ ጨዋ የሆንኩት እኔ ነኝ ወይስ ክኒኑ ነበር የሚለውም መጣ። ዳሪን ያገባው ማንን ነው? ለነርሷ ደወልኩላት። ያልታመምኩ መሆኔን፣ እንዲህ የሚሆኑ ሴቶች መኖራቸውን፣ እንቅልፌ በጥቂት ወራት ሊስተካከል እንደሚችል፣ ካልተስተካከለ ግን እንድመጣ ነገረችኝ። ንዴቴ የማን እንደሆነ ግን በምርመራ አይታወቅም አለች።

ስለዚህ ከዳሪን ጋር ተዋዋልን። ሽል ከሆነ ይገፋል፣ ቂጣ ከሆነ ይጠፋል ይባላል፤ ሆዷን በየወሩ እየዳሰሰች ለምትጠብቅ ሴት ተረቱ ስላቅ አለበት፣ ቢሆንም ሌላ መላ አልነበረንም። እንቅልፌ እስኪመለስ አፌን እይዛለሁ። ሲመለስ ንዴቱም አብሮ ከጠፋ፣ ላቮንን በፈገግታ ተቀብዬ አስገባለሁ። ሳይጠፋ ከቀረ ግን የኔ ነው፣ እናገራለሁ። ዳሪን ወዲያው ተስማማ። እንደሚጠፋ ምንም አልተጠራጠረም፤ አንብቧላ።

እኔ እንቅልፌን ስጠብቅ ዓለም አልጠበቀችኝም። የቤት አሻሻጩ ክሬግ የላቮንን የሐይቅ ዳር ቤት ለሚኒያፖሊስ ባልና ሚስት አሳይቶ በአንድ ቀን አስወደዳቸው። ውሉ ከፋሲካ በኋላ ባለው ዓርብ ሊፈረም ተቀጠረ። የላቮን ካርቶኖች እየመጡ በቢጫዋ ክፍል ግድግዳ ሥር ተደረደሩ፤ እኔ ድስቷን በካርቶኖቹ መሐል ወዲህ ወዲያ እያልኩ ቦታ እፈልግላት ነበር። ላቮን በመጡ ቁጥር ድስቷን አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። ሰው ቤት ያየኸውን ድስት ምንድን ነው ብለህ አትጠይቅም።

የሐይቁ በረዶ ተሰባብሮ በሄደ በሳምንቱ፣ ከውሉ ቀን በፊት ባለው ሐሙስ፣ ዓይኔን ስገልጥ ፀሐይዋ አልጋዬ ላይ ነበረች። ሕልም የለ፣ እርሳስ የለ፣ ምንም የለ። እንደ ድሮዬ ሞቼ ነበር ያደርኩት። ተነሥቼ ተቀመጥኩና፣ ከቤት ሲወጣ ቁልፉን እንደሚፈልግ ሰው ንዴቴን በየኪሴ ፈለግኩት። ዳሪን ወጥ ቤት ሆኖ ያኝካል፤ የሚያኝክ ሰው ድምፅ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ያቺን የሦስተኛ ክፍል ልጅ አሰብኳት፤ እርሳሱን ትውሰደው። የጥርስ ሐኪሙንም ማርኳቸው። እንግዲህ ጠፋ ማለት ነው፣ ዳሪን አሸነፈ ብዬ ቡና ልቀዳ ስሄድ በቢጫዋ ክፍል በር አለፍኩ።

ካርቶኖቹ ከግድግዳው እስከ መስኮቱ ተቆልለዋል። ድስቷ ጠብ ትላለች። ንዴቴ እዚያ ነበር። አይጮህም፣ አያለቅስም፤ እንደ ባለቤት ክፍሉ መሐል ቁጭ ብሏል። አየሁት፣ አየኝ። የኔ ነበር። በሕይወቴ በመናደዴ ደስ ያለኝ ያን ጠዋት ብቻ ነው፤ ራሴ ወደ ራሴ ተመለሰች። ቡናዬን ጠጥቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ዳሪን ቀድሞኝ ወደ ላቮን ቤት ስለሄደ ተከተልኩት።

እናትና ልጅ ጠረጴዛው ላይ ሳህን በጋዜጣ ይጠቀልላሉ። በመሐላቸው የሎሚ ኬክ የነበረበት ሳህን አለ፤ አንድ ቁራሽ ቀርቷል። የመጨረሻውን ቁራሽ ማንም አይወስድም፣ ስለዚህ ዳሪን ግማሹን ቆርጦ ይበላል። ቆይተው ላቮን የግማሹን ግማሽ ይቆርጣሉ። ደግሞ ዳሪን የዚያን ግማሽ። ስደርስ የቀረው ቁራሽ የአውራ ጣት ጥፍር ያክል ነበር፤ ሁለቱም በጨዋነት እያዩት ይርቁታል። እኔ አነሣሁና አፌ ውስጥ ከተትኩት። ዳሪን እናቱን አየ፣ ላቮን መስኮቱን አዩ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ላቮን፣ እኛ ቤት መኖር ይፈልጋሉ?» አልኳቸው።

«ውይ፣ እናንተማ ደጎች ናችሁ» አሉ።

«ደግነታችንን አልጠየቅኩም። ይፈልጋሉ ወይ?»

ዳሪን ጋዜጣውን እንደያዘ፣ «ብሪ፣ ደክሞሻል» አለኝ።

«አልደከመኝም። ሌሊቱን ሙሉ እንደ ግንድ ተኝቼ ነው ያደርኩት። ተስማምተን የለ? ጠበቅኩ፣ ሁሉም አለፈ፣ ይህ ብቻ ቀረ። ስለዚህ የኔ ነው። አልፈልግም፣ ዳሪን። እናትህን ጠልቼ አይደለም። ክፍሉ የልጄ ስለሆነ ነው፤ እኔ አጠገብህ ተቀምጬ ሳለሁ ሳትጠይቀኝ ስለሰጠኸው ነው።»

አልጮህኩም። ብጮህ ኖሮ ይሻላቸው ነበር፤ ጩኸት ትከሻ መታ መታ ተደርጎ ይሸኛል። ዳሪን እጁን ወደ ትከሻዬ ዘርግቶ መሐል ላይ መለሰው። ያ ወጥ ቤት ከተሠራ ጀምሮ «አልፈልግም» የሚል ቃል ተሰምቶበት አያውቅም። ላቮን የያዙትን ኩባያ ቀስ ብለው አስቀመጡ። ወለም ብሎ የዳነውን እጃቸውን በሌላው እጃቸው እያሹ ቆዩና፣ አዲስ ጫማ እንደሚሞክር ሰው፣ «እኔም አልፈልግም» አሉ።

ዳሪን ጋዜጣው ከእጁ ወደቀ። «እማ፣ እሺ ብለሻል እኮ።»

«ሦስቴ ለመንከኛ። ሦስቴ የለመነኝን ልጄን እምቢ ብዬ ላሳፍረው ኖሯል?»

«እኔ ሦስቴ የለመንኩሽ እኮ በሁለተኛው ካቆምኩ ከልቡ አይደለም እንዳትዪኝ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ከልብህ ነበር?»

ዳሪን ጋዜጣውን ከወለሉ እያነሣ፣ እጅሽ በፋሻ ታስሮ ሳየው አሳዘንሽኝና ከአፌ ወጣ፣ ከወጣ በኋላ መመለሻ አጣሁ አለ። ላቮንም እንደ ተከፈተ ቧንቧ ሆኑ። ቴሌቪዥናችሁ ይጮኻል አሉ። ውሻ ደግሞ ልታመጡ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፣ ውሻ አልወድም፣ የቀበራችኋቸውንም አልወደድኳቸውም አሉ። ሐይቁን ትቼ የትም መሄድ አልፈልግም፣ ማታ ማታ ሳሽገው የኖርኩትን ሳህን ሁሉ ጠዋት መልሼ ማውጣት ያምረኝ ነበር አሉ። እንግዲህ ይህን ልብ በሉ። ቤት ሊሸጥ፣ አሮጊት ከሐይቃቸው ሊነቀሉ፣ ልጅ ሳይወለድ ክፍሉን ሊነጠቅ ነበር፤ ይህን የፈለገ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም ጨዋ ስለሆነ ብቻ ነው። ይሉሽን በሰማሽ ገበያም ባልወጣሽ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ እኛ ግን ይሉናል ብለን ቤት እስከ መሸጥ ደርሰናል።

ሳቅ ጀመረኝ። ላቮን ግን አልሳቁም። ወደ ዳሪን ዞሩ።

«ሹክሹክታህ እኔም ዘንድ ደርሷል። እንቅልፍ ስታጣ፣ ስትናደድ፣ ክኒኑ ነው ያልካት አንተ ነህ?»

ዳሪን ያነበበውን ሊያስረዳ ጀመረ። ላቮን እጃቸውን አነሡና ዝም አሰኙት።

«አንተን ከመውለዴ በፊት እኔም ትቼው ነበር። የዚያን ጊዜው ክኒን ደግሞ በሬ ይጥል ነበር። አልተኛም፣ አለቅሳለሁ፣ አባትህን ባየሁት ቁጥር ዕቃ መወርወር ያምረኛል። በዚያ መሐል ራስል ሳይጠይቀኝ ፒያኖዬን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠው። የእናቴን ፒያኖ። ተናደድኩ። ክኒኑ ነው፣ ያልፋል አለኝ። እኔም እስኪያልፍ ብዬ ዝም አልኩ።» ጋዜጣ አንሥተው ማጠፍ ጀመሩ። «እንቅልፌ ተመለሰ። አንተም ተወለድክ። ራስልንም ቀበርነው። እሑድ በመጣ ቁጥር ያቺ መዝሙር አጃቢዋ ጁን ፒያኖዬን ስትደበድበው እሰማለሁ። እኔ አሁንም እስኪያልፍ እየጠበቅኩ ነው።»

እኔ አማቴን በዚያ ሁሉ ዓመት ያየኋቸው መስሎኝ ነበር፤ ያየሁት ፈገግታቸውን ነው። ከፈገግታው ሥር ፒያኖ ተቀምጦ ኖሯል። ተነሥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ማቀፍ በእኛ ዘንድ ለቀብር ብቻ ነው፤ ትከሻዬን ወደ ትከሻቸው ጠጋ አደረግኩ፣ እሳቸውም አልሸሹም።

የቀረው ክሬግ ነው። ላቮን ስልኩን አንሥተው ደወሉለት፤ ድምፁ ለሦስታችንም ይሰማል። በጣም አዝናለሁ፣ ላስቸግርህ አልፈልግም፣ ግን ቤቱን ባልሸጠው ደስ ይለኛል አሉት። ክሬግ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ የመጀመሪያ እምቢታ መሆኑ ወዲያው ገባውና ገዢዎቹ ዋጋ ከፍ ያደርጋሉ አለ። ኧረ በጭራሽ፣ የዋጋ ነገር አይደለም አሉት። ክሬግ ሁለተኛውንም ቆጠረና እንደገና ከፍ አደረገው። ላቮን ጨነቃቸው። ሦስተኛው ደርሷል፤ በሦስተኛው እሺ ማለት አለባቸው። ስልኩን በመዳፋቸው ሸፍነው ወደ እኔ ዘረጉልኝ።

«አንቺ ንገሪው። ፓስተር ጌይል እየጸለዩልሽ ነው፣ ማንም አይቀየምሽም።»

እውነታቸውን ነው። በከተማው ውስጥ እንደ ልቧ እንድትናገር ፈቃድ ያላት ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ስልኩን ተቀበልኩ፣ ከዚያ መልሼ እጃቸው ውስጥ አስቀመጥኩት።

«ይህ የእርስዎ ነው» አልኳቸው። «ለእኔ አይሰጥም።»

ላቮን ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አልሸጥም፣ ክሬግ» አሉ። «አይሆንም።» ስልኩን ዘግተው ከመቀመጫቸው ተነሡና፣ የተጠቀለለውን ሳህን አንድ በአንድ እየፈቱ ወደ መደርደሪያው መለሱት። ፊታቸው ቀልቷል። በሚመጣው እሑድ ፓስተር ጌይልን ስለ ፒያኖው አነጋግራቸዋለሁ አሉ። «ትንሽ» ሳይሉ ነው የተናገሩት።

ወደ ቤት ስንመለስ ዳሪን መኪናውን ይነዳል፣ አይናገርም። እኔም አልረዳሁትም። ይቅርታ ከአፉ ሊወጣ ሲል እየተመለሰ ጉሮሮውን ሲያስጠርገው ይሰማኛል። የሚገርመው፣ አልጠላሁትም፤ በጣም ተቀይሜው ነበር፣ ያም የራሴ ቅያሜ ስለሆነ አልፈራሁትም። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ወደ ቤታችን በመታጠፍ ፈንታ ቀጥ ብሎ ኬቨን ቤት ሄደ። ወርዶ፣ በጎኑ ዞሮ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ መሰላላችንን ከጋራዡ ይዞ ወጣ። ኬቨን በመስኮት እጁን አወዛወዘለት፤ ምን ሆንክ ብሎ አይጠይቅማ።

ዳሪን ጣሪያው ላይ ሲወጣ ታች ሆኜ መሰላሉን ያዝኩለት። በቢጫዋ ክፍል አናት ላይ እስኪደርስ ኮቴው ተሰማኝ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ብዙ ቆየ። ሲወርድ እስከ ጉልበቱ ርሷል፣ በእጁ የበሰበሰ እንጨት ይዟል፤ ሲነካው እንደ እርጥብ ዳቦ ይፈረፈራል።

«ቀዳዳ አለ» አለኝ።

«ትንሽ?»

እንጨቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«አይ» አለ። «ትልቅ ነው።»